የታተመ ሥራዎን በሊንክድኢን የት ያስቀምጡ? የንጽጽር መመሪያ

ለአንድ የጥናት ፕሮጀክት ባለሙያ ሲመለመል ከመልማይዋ ጎን ተቀምጬ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። በዝርዝሯ ላይ አርባ የሚጠጉ የሊንክድኢን ገጾች ነበሩ። አንዱን ስትከፍት ስሙንና ከስሙ ሥር ያለውን አጭር መግለጫ ታነባለች፤ ከዚያ ገጹን በጣቷ እየገፋች ትወርድና ምስል ያለበት ካርድ ካገኘች ለአፍታ ቆም ትላለች፤ ካላገኘች በሥራ ልምዱ ላይ ዓይኗን አሳልፋ ትዘጋዋለች። ከአርባዎቹ አንዱ ለሥራው የሚሆን ሰው መሆኑን እኔ አውቅ ነበር። በወባ ሥርጭት ላይ በአገር ውስጥና በውጭ መጽሔቶች ዘጠኝ ጽሑፎች አሳትሟል። ጽሑፎቹ ግን ከትምህርቱ፣ ከወሰዳቸው ሥልጠናዎችና ከክህሎት ዝርዝሩ በታች፣ በገጹ መጨረሻ ተደርድረው ስለነበር እዚያ ድረስ አልወረደችም። «ይህኛው እኮ አሳትሟል» ስላት ተመልሳ ከፈተችውና «የት አለ?» አለችኝ።

ይህን መመሪያ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው። ሊንክድኢን አንድን የታተመ ሥራ ለማስቀመጥ ቢያንስ አራት ቦታ ይሰጣል። «ፊቸርድ» የሚባል የተመረጡ ሥራዎች ክፍል አለ፤ «ፐብሊኬሽንስ» የሚባል የኅትመቶች ዝርዝር አለ፤ በእያንዳንዱ የሥራ ልምድ ሥር ፋይል ወይም ሊንክ ማያያዝ ይቻላል፤ ሥራውን በፖስት ወይም በረጅም ጽሑፍ መልክ ማስተዋወቅም ይቻላል። ከሊንክድኢን ውጭ ደግሞ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር የሆነው ኦርኪድ፣ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር፣ የተመራማሪዎች መገናኛ የሆነው ሪሰርችጌትና የግል ድረ ገጽ አሉ። ሁሉንም ሥራ በሁሉም ቦታ የሚደረድሩ ሰዎች አሉ፤ ትርፉ ድካም ነው፣ ዋናው ሥራም በግርግሩ መካከል ይጠፋል። እኔ የምከተለው አካሄድ ፊቸርድ ተመልካቹን እንዲያስቆም፣ ፐብሊኬሽንስ እንዲያረጋግጥለት፣ የሥራ ልምዱ ክፍል ደግሞ ሥራው ከምን ተነሥቶ እንደተሠራ እንዲነግረው ማድረግ ነው።

ገጹን የሚያየው ማን ነው?

የታተመ ሥራዎን በተለያየ ጊዜ የሚያዩት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው መልማዩ ወይም የሰው ኃይል ባለሙያው ነው። በሥራ መደብ፣ በክህሎትና በቦታ ፈልጎ ካገኛቸው ብዙ ገጾች መካከል ጥቂቱን ለይቶ ማስቀረት ሥራው ስለሆነ ጽሑፉን አያነበውም፤ ሙያዎንም ላያውቀው ይችላል። ሁለተኛው ተቀጣሪውን የሚያሠራው የክፍል ኃላፊ ነው። እሱ የመጽሔቱን ስም አይቶ ደረጃውን ይገምታል፣ የጸሐፊዎቹን ቅደም ተከተል ያያል፣ ከፈለገም ሊንኩን ከፍቶ የጥናቱን ዘዴ ይመረምራል። አንድ ገጽ ሁለቱንም ማስተናገድ አለበት፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ያላለፈ ገጽ ሁለተኛው ጋ አይደርስም።

አዲስ አበባ ውስጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ኢልሪ እየተባለ በሚጠራው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ወይም በአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለጥናት መደብ የሚወዳደር ሰው የታተመ ሥራው የመወዳደሪያው አንድ አካል ነው። ለሽያጭ ወይም ለሒሳብ ሥራ ለሚወዳደር ሰው ግን ያው ዝርዝር ብዙም ትርጉም አይሰጥም፤ እንዲህ ያለው ሰው አንዱን ሥራ መርጦ መጻፍና መተንተን የሚችል መሆኑን ለማሳየት ቢጠቀምበት ይበቃዋል።

«እኛ አገር ማስታወቂያው የሚወጣው በኢትዮጆብስ፣ በሪፖርተር ጋዜጣና በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ሊንክድኢን ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በሲቪዎ ላይ የገጽዎን አድራሻ ከጻፉ፣ ማስታወቂያው በየትም ቢወጣ ሲቪውን ያነበበ ሰው ገጹን ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ገጹ ባይፈልጉዎት እንኳ ካመለከቱ በኋላ ይጠቅማል።

ፊቸርድ ወይስ ፐብሊኬሽንስ?

ዋናው ምርጫ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

ፊቸርድ የሚገኘው በገጹ አናት አካባቢ፣ ስለራስዎ ከሚጽፉበት ክፍል በታች ነው። ሥራዎቹ ምስል፣ ርዕስና አጭር ማብራሪያ ባላቸው ካርዶች ይደረደራሉ። ሊንክም፣ ፒዲኤፍም፣ ቀደም ሲል የለጠፉትን ፖስትም ማስገባት ይችላሉ፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት ራስዎ ነዎት። በስልክ ለሚያይ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው ካርድና የሁለተኛው ጠርዝ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ሰባት ካርድ ከመደርደር ሁለት ወይም ሦስት መምረጥ ይሻላል፤ አራተኛውን ለማየት ጣቱን ወደ ጎን የሚያንሸራትት መልማይ እስካሁን አላየሁም።

ፐብሊኬሽንስ በተቃራኒው ምስል አይታይበትም፤ ቦታውም ብዙውን ጊዜ ታች ነው። ጥቅሙ የሚሞሉ መስኮቶች ስላሉት ነው፤ የሥራው ርዕስ፣ ያሳተመው መጽሔት ወይም ድርጅት፣ የታተመበት ቀን፣ ተባባሪ ጸሐፊዎች፣ ሊንክና ማብራሪያ በየራሳቸው ቦታ ይገባሉ። ተባባሪ ጸሐፊዎቹ ሊንክድኢን ላይ ካሉ ስማቸው ከገጻቸው ጋር ይያያዛል። የክፍል ኃላፊው ይህን አቅልሎ አያየውም፤ የሚያውቀው ተመራማሪ ከጸሐፊዎቹ መካከል ካለ በአንድ ስልክ ስለ እርስዎ መጠየቅ ይችላልና። ፊቸርድ እነዚህ መስኮቶች የሉትም። የጸሐፊዎችን ዝርዝር በማብራሪያው ላይ በእጅ ለመጻፍ መሞከር ደግሞ ካርዱን ያጨናንቀዋል።

ስለዚህ የታተመ ሥራዎ አንድ ብቻ ከሆነ በሁለቱም ቦታ ያስገቡት። ከሦስት እስከ አስር ከሆነ ሁሉንም በፐብሊኬሽንስ መዝግበው፣ ከሚፈልጉት ሥራ ጋር የሚቀራረቡትን ሁለቱን ብቻ ወደ ፊቸርድ ያውጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፐብሊኬሽንስንም ቢሆን ባይሞሉት ይሻላል፤ አምስት ስድስቱን መርጠው ሙሉውን ዝርዝር ለጉግል ስኮላር ወይም ለኦርኪድ ይተዉት። ሊንክድኢን ላይ እያንዳንዱ ሥራ አንድ በአንድ በእጅ ስለሚሞላ፣ ሠላሳ ሥራ ሞልቶ በየጊዜው ማደስ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የተመረጡት ሁለቱ ደግሞ የግድ ትልቁ መጽሔት ላይ የወጡት መሆን የለባቸውም። በመስኖ ላይ የሚሠራ ድርጅት እንዲያገኝዎት ከፈለጉ፣ በአንድ የአገር ውስጥ መጽሔት ስለ መስኖ ያሳተሙት ሥራ በውጭ መጽሔት ስለ ዶሮ እርባታ ከጻፉት ይቀድማል።

ርዕሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጤና ምርምር ርዕሶቻችንን የሚያውቅ ሰው «እና ተያያዥ ምክንያቶች» የማይልበት ርዕስ ማግኘት እንደሚቸግር ያውቃል። በፐብሊኬሽንስ ላይ ርዕሱ እንደታተመ፣ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ መረጃውን የሚያጣራ ሰው ያንኑ ርዕስ ገልብጦ ነውና የሚፈልገው። በፊቸርድ ላይ ግን የራስዎን ርዕስ መጻፍ ስለሚችሉ ዕድሉን ይጠቀሙበት። «በመንግሥት ጤና ተቋማት የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚያደርጉ እናቶች የብረት እንክብል አወሳሰድ እና ተያያዥ ምክንያቶች፤ ተቋም ተኮር የአንድ ወቅት ጥናት» የሚል ርዕስ በስልክ ላይ ከግማሹ ይቆረጣል። «ነፍሰ ጡር እናቶች የብረት እንክብሉን ለምን ያቋርጣሉ?» የሚለውን ግን የሰው ኃይል ባለሙያውም ይረዳዋል። ገጽዎ በእንግሊዝኛ ከሆነ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ማድረግ ነው።

ማብራሪያው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጽፈው ይህን ይመስላል፦ «በታዋቂ ዓለም አቀፍ መጽሔት የታተመ የምርምር ጽሑፍ። ለማንበብ ሊንኩን ይጫኑ።» ይህ ስለ ጸሐፊው ምንም አይናገርም። ያንኑ ሥራ ለምሳሌ እንዲህ ማስተዋወቅ ይቻላል፦ «በአራት ጤና ጣቢያዎች ክትትል የሚያደርጉ 412 እናቶችን ጠይቀን እንክብሉን የሚያቋርጡበትን ምክንያት ለየን። መጠይቁን ያዘጋጀሁትና መረጃውን በስታታ ሶፍትዌር የተነተንኩት እኔ ነኝ። ውጤቱን ለዞኑ ጤና መምሪያ አቅርበናል።» በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሥራው ስፋት፣ የእርስዎ ድርሻና ሥራው የት እንደደረሰ ገብቷል። በተለይ ከሰባት ጸሐፊዎች አራተኛው ከሆኑ ድርሻዎን መጻፍ ግዴታ ነው እላለሁ፤ ካልጻፉት ተመልካቹ ምንም እንዳልሠሩ ይገምታል። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ራስን ወደ ፊት ማምጣት ግን አንድ ሊንክ በመጫን የሚጋለጥ ነገር ነው።

ምስሉንም አይርሱ። አንዳንድ የመጽሔት ድረ ገጾች ሊንካቸው ሲለጠፍ ምስል አያመጡም፤ ካርዱ ባዶና ግራጫ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ከጽሑፉ አንድ ግልጽ ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ ወስዶ፣ የማሳተም መብቱ የእርስዎ መሆኑን አረጋግጦ፣ እንደ ምስል መጠቀም ይቻላል። የራስ ፎቶግራፍ መድገም አያስፈልግም፤ ከላይ አለ።

ስምና ዓመተ ምሕረት

ይህ ጉዳይ በውጭ ሰዎች መመሪያዎች ውስጥ ሲነሣ አይታይም፤ እኛን ግን ዋጋ ያስከፍለናል።

ስማችን በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። «ኃይሌ»ን አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል፤ በ«ጸ» የሚጀምር ስም አንዴ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ አንዴ በ«ኤስ» ብቻ ይጻፋል። የውጭ መጽሔቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ ሰውየው በአባቱ ስም ይጠቀሳል፤ የአያቱን ስም የጻፈ እንደሆነ ደግሞ በአያቱ። ስለዚህ አንድ ሰው በሦስት ጽሑፎች ላይ ሦስት የተለያየ ሰው መስሎ ሊወጣ ይችላል፣ የክፍል ኃላፊውም «ይህ ጽሑፍ የእሱ ነው?» ብሎ መጠራጠሩ አይፈረድበትም። መፍትሔው በፓስፖርትዎ ወይም በዲግሪዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ መርጠው በሊንክድኢን መጠቀም፣ ከዚህ በኋላ በሚያሳትሙትም ላይ እሱን ብቻ መጻፍ፣ ያለፉትን ደግሞ በኦርኪድ ማሰባሰብ ነው። ኦርኪድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ሲሆን፣ ልዩ ልዩ የስም አጻጻፎችን በአንድ ሰው ሥር መመዝገብ ያስችላል። ቁጥሩን በሊንክድኢን የመገናኛ መረጃ ክፍል ውስጥ በድረ ገጽ መስኮቱ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። መስከረም 2015 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሔት ጽሑፍ በውጭው አቆጣጠር መስከረም 2022 ነው፤ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ከሆነ ደግሞ 2023። የኅትመቱን ዓመት ከሽፋኑ ላይ እንዳለ ገልብጦ 2015 ብሎ የሞላ ሰው ሥራውን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጀው ማለት ነው። ዲግሪውን በውጭው አቆጣጠር 2021 ብሎ፣ ጽሑፉን በእኛው 2014 ብሎ የሞላ አንድ ገጽ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ከመመረቁ ሰባት ዓመት ቀድሞ ያሳተመ ይመስል ነበር። መልማዩ ይህን እንደ ተአምር አይቆጥረውም፤ እንደ ስሕተት ወይም እንደ ውሸት ነው የሚያየው።

ሊንክ ወይስ ፒዲኤፍ?

ፒዲኤፍ መጫን ማራኪ ነው፤ ተመልካቹ ከሊንክድኢን ሳይወጣ ገጾቹን ማገላበጥ ይችላል። ሆኖም የሰነዱ መብት የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ብዙ መጽሔቶች ሲያሳትሙ ጸሐፊው መብቱን እንዲያስተላልፍ ያስፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ የመጽሔቱን ቅጂ በይፋ መጫን ማሰራጨት ነው። ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ የመጽሔት አሳታሚዎቹ ኤልሰቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር፣ ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን የሚጭኑበትን ሪሰርችጌትን እ.ኤ.አ. በ2017 ጀርመን ውስጥ ከስሰውት ጉዳዩ በስምምነት ያለቀው በ2023 ነው። ጽሑፉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ በተለይም ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ማሰራጨት በሚፈቅደው «ሲሲ ባይ» በሚባለው የወጣ ከሆነ ግን ያለ ሥጋት ይጫኑት። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ በጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ተጽፎ ይገኛል።

ሊንክ ሲመርጡ ደግሞ የትኛው ሊንክ የሚለው ይከተላል። የመጽሔቱ ድረ ገጽ አድራሻ ሊለወጥ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ድረ ገጾች ሲታደሱ የድሮው አድራሻ የማይከፍትበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲኦአይ ያለው ጽሑፍ ከሆነ፣ ማለትም በ10 የሚጀምር መለያ ከተሰጠው፣ አሳታሚው አድራሻውን እስካደሰ ድረስ ሊንኩ ተመልካቹን ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስደዋልና እሱን ይምረጡ። ዲኦአይ ከሌለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ መጽሔቶችን በኢንተርኔት የሚያቀርበው ኤጆል ላይ መኖሩን ይፈልጉ፤ እንደ ኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ያሉ የአገራችን መጽሔቶች እዚያ ይገኛሉ። የማስተርስ ጽሑፍ ከሆነ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ያለውን ቋሚ አድራሻ መጠቀም ይሻላል። ክፍያ ጠይቆ የሚዘጋ ጽሑፍ ከሆነ ሊንኩን አስገብተው በማብራሪያው ላይ ዋናውን ውጤት ይጻፉት፤ ለመልማዩ የሚበቃው እሱ ነው።

ጋዜጠኞች እዚህ ላይ ልዩ ችግር አለባቸው። የተዘጋ ጋዜጣ ድረ ገጹም አብሮ ይዘጋል፤ ያለውም ቢሆን የቆየ ዘገባውን ላያቆይ ይችላል። ዘገባዎ ገና እንደወጣ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በኢንተርኔት አርካይቭ «ዌይባክ ማሽን» ላይ ያስቀምጡትና ዋናው ሲጠፋ ያንን ሊንክ ይጠቀሙ። የታተመውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥም ከምንም ይሻላል፤ ቀኑና የጋዜጣው ስም መታየታቸውን ግን ያረጋግጡ።

ፖስት ወይስ ረጅም ጽሑፍ?

ፖስት እስከ 3,000 ፊደል ይይዛል፣ በጥቂት ቀናትም ከሰው ዓይን ይርቃል። ረጅሙ ጽሑፍ፣ «አርቲክል» የሚባለው፣ ርዕስና ምስል ያለው ሆኖ በፍለጋ ሞተርም ሊገኝ ይችላል። ጽሑፉን በሌላ ቦታ ላላሳተመ ሰው አርቲክሉ ይጠቅመዋል፤ አስቀድሞ ላሳተመ ሰው ግን ፖስቱ ያዋጣል ባይ ነኝ። ሥራው ምን እንዳገኘ በቀላል ቋንቋ በፖስት ይጻፉና ፖስቱን ወደ ፊቸርድ ያውጡት። ካርዱን የጫነ ሰው የሚያገኘው የእርስዎን ማብራሪያ፣ የሥራ ባልደረቦችዎን አስተያየትና ለጥያቄዎች የሰጡትን መልስ ነው፤ ይህን የመጽሔቱ ገጽ አይሰጠውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሊንክድኢን ላይ ራስዎ የጻፉትን አርቲክል በፐብሊኬሽንስ ሥር ከመጽሔት ጽሑፎች ጋር አያሰልፉት። ማንም ያልገመገመውን ሥራ ከተገመገመው ጋር ማደባለቅ የተገመገመውንም ዋጋ ያሳጣዋል።

ስም የሌለባቸው ሥራዎች

መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በዓመት ብዙ ገጽ ይጽፋሉ፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ግን ሽፋኑ ላይ ያለው የድርጅቱ ዓርማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በፐብሊኬሽንስ ማስገባት ጸሐፊነቱን ለማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው ጥርጣሬ ይፈጥራል። ትክክለኛ ቦታው በዚያ ድርጅት ካለው የሥራ ልምድ ሥር ነው። ሪፖርቱ በይፋ የወጣ ከሆነ ሊንኩን ከመደቡ ጋር አያይዘው «ምዕራፍ ሦስትን ጻፍኩ» ወይም «የመስክ መረጃ አሰባሰቡን መራሁ» ብለው ይግለጹ። በይፋ ያልወጣውን፣ ለለጋሽ ብቻ የቀረበውን ሰነድ ግን በምንም መልኩ አይጫኑት። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ሰነድ ለመላው ዓለም የዘረጋ ሰው የአዲሱንም እንደሚዘረጋ መልማዩ ያስባል።

ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ኮዳቸውን ያኖሩበትን የጊትሃብ ገጽ፣ ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበትን የቢሃንስ ገጽ በፊቸርድ ማያያዝ ይበቃቸዋል።

በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ

የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የግጥም መድበል ወይም ትርጉም ያሳተመ ሰው «ቀጣሪ ምን ይለዋል?» ብሎ ሲተወው አያለሁ። ለትርጉም፣ ለኮሙኒኬሽን፣ ለሚዲያና ለቋንቋ ሥራ የሚወዳደር ሰው ከሆነ ይህ ዋናው ማስረጃው ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ተቀምጦ በአስተርጓሚነት ለሚሠራ ሰውም እንዲሁ። በፐብሊኬሽንስ ላይ የመጽሐፉን ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፉና አጠገቡ በላቲን ፊደል ንባቡን ያክሉበት፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን በማብራሪያው ያስገቡ። በግዕዝ ፊደል ብቻ የተጻፈውን የማያነብ መልማይ በፍለጋ አያገኘውም።

ለማረጋገጫ የሚሆን ሊንክ የለኝም የሚል ደራሲ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ካታሎግ ይመልከት። ቤተ መጻሕፍቱ በናይሮቢ ቢሮው አማካይነት ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ስለሚሰበስብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በራስ ወጪ የታተመ መጽሐፍ እንኳ እዚያ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ስምዎን ሲፈልጉ ግን ትዕግሥት ይኑርዎት፤ የሚጠቀሙበት የላቲን አጻጻፍ ነጥብና ሰረዝ የበዛበት ስለሆነ ራስዎን በራስዎ ስም ላያገኙ ይችላሉ፤ በመጽሐፉ ርዕስም ይሞክሩ። ካገኙት የመዝገቡን ሊንክ በፐብሊኬሽንስ መስኮት ያስገቡ።

ከሊንክድኢን ውጭ ያሉት

ጉግል ስኮላር ሥራዎን ማን እንደጠቀሰው ስለሚቆጥር የክፍል ኃላፊው ይወደዋል፤ ገጽዎ በፍለጋው ውስጥ እንዲወጣ ግን በተቋም ኢሜይል መረጋገጥ አለበት። ይህ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ለማይሠራላቸው ሰዎች እንቅፋት ነው። ኦርኪድ የጠቃሾችን ቁጥር አያሳይም፤ መሥሪያ ቤት ቢቀይሩ ግን አብሮዎት ይሄዳል። ሪሰርችጌት ከተመራማሪዎች ጋር ለመገናኘት ጥሩ ሲሆን ለመልማይ ግን ብዙም አይረዳም። የግል ድረ ገጽ በየዓመቱ ክፍያና እድሳት ስለሚጠይቅ፣ ቋሚ ጸሐፊ ወይም አማካሪ ላልሆነ ሰው አልመክረውም። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ኦርኪድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ስለ ስም ስናነሣ ተናግሬዋለሁ።

ባይቀመጡ የሚሻሉ ሥራዎች

በሳምንት ውስጥ ተቀብሎ፣ ገንዘብ አስከፍሎ፣ ምንም ሳያርም የሚያሳትም መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ካለዎት ወደ ፊቸርድ አያውጡት። ብዙዎቻችን ለዲግሪ ማሟያ ወይም ለዕድገት ስንጣደፍ እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ የገባንበት ጊዜ አለ፤ ነውር ብዬ አልፈርድም። የክፍል ኃላፊው ግን የመጽሔቱን ስም ሲያይ ያውቀዋል፣ ከአጠገቡ ያለውን ጥሩ ሥራም በዚያው ዓይን ያየዋል። ነጻ ንባብ የሚፈቅድ መጽሔት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ዶአጅ የሚባለው ማውጫ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ጥሩ መነሻ ነው፤ እዚያ አለመኖሩ ብቻውን መጽሔቱን መጥፎ እንደማያሰኘው ግን ይታወቅ። «ለኅትመት ተልኳል» የሚለውንም ሥራ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ያቆዩት።

ከመለጠፍዎ በፊት

ለውጦቹን ከመጀመርዎ በፊት ማሻሻያዎችን ለወዳጆችዎ የሚያሳውቀውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ አለበለዚያ አንዳንዱ ለውጥ ማስታወቂያ ሆኖ ሊደርሳቸው ይችላል። ከስምዎ ሥር ያለው መግለጫ 220 ፊደል ስለሚይዝ፣ ያሳተሙበትን የሙያ መስክ ስም እዚያ ያስገቡ፤ «ተመራማሪ» ከማለት «የእናቶችና ሕፃናት ጤና ተመራማሪ» ማለት ይሻላል፤ መልማዩ የሚፈልገው በመስኩ ስም ነውና። ስለራስዎ በሚጽፉበት ክፍል ሳይጫን የሚታየው የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ስለታተመው ሥራ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር እዚያው ይሁን።

በመጨረሻም የገጽዎን ይፋዊ ዕይታ ማስተካከያ ይክፈቱ። ሊንክድኢን ውስጥ ያልገባ ሰው የትኞቹን ክፍሎች እንደሚያይ አንድ በአንድ የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ኅትመቶቹ ተዘግተው ከሆነ በጉግል ፈልጎ የመጣው ሰው ምንም አያገኝም። ከፍተው ሲጨርሱ ከመለያዎ ወጥተው ገጹን በስልክ ይክፈቱት፣ እያንዳንዱንም ሊንክ በሞባይል ዳታ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከትለው ይሞክሩት። ከመካከላቸው የማይከፍት ካለ፣ ሌላ ሊንክ እስኪያገኙለት ድረስ አድራሻውን ያውጡትና ርዕሱን ብቻ ይተዉት።